ጥፋቱ የሲሊንደሩ ብዛት አይደለም

የቶዮታ ቪትዝ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር የቆላ ሙቀት አይችልም ብለህ የጻፍከው አልተዋጠልኝም። እኔ ድሬዳዋ ነው የምነዳው፤ የቪትዜ ሞተር 1ኬአር የሚባለው፣ ባለ 996 ሲሲው ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ሲሠራ፣ መንቀጥቀጡ እውነት ነው፣ የሦስት ሲሊንደር ተፈጥሮ ነው። ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት የሚጠብቀው) ግን በሰንሰለት እንጂ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ አይደለም። ዘይቱን በሰዓቱ ከቀየርክለት ብዙ አያስቸግርም።

አንዴ ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ አፍልቶብኛል። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ በኩላንት (በሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ፈንታ የቧንቧ ውሃ ስሞላ ከርሜ። የድሬን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ራዲያተሩ ሲፈታ ቱቦዎቹ በዚያው ቅርፊት ተደፍነዋል! አሳጥቤ ኩላንት ሞላሁ። አሁን ዳገቱ ላይ ኤሲ ዘግቼ ቀስ እያልኩ ሐረር እወጣለሁ። ቀዩ የሙቀት መብራት ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም።