የሳቅንበት ሰው

የደሴ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ባለፈው ግንቦት በቀበሌው የበጀት ስብሰባ ላይ የሳቅነውን ሳቅ ይቅር ልለው አልቻልሁም።

ከሰኞ ገበያ በታች ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ አንድ አዛውንት ለመናገር ተነሡ። ከብረቱ መካከል ትንሽ ሆና ሳለ ሁለት ጎረምሳ ያንገዳገደች፣ ጨረራ ከሚያግደው ከእርሳስ ብረት የተሠራች ሣጥን እንደገዙ፣ በጎኗ በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው የጨረራ አደጋ ምልክት እንደተሣለባት፣ የልጅ ልጃቸው በመዶሻ ሲቀጠቅጣት በመንገድ ታልፍ የነበረች ነርስ ምልክቱን አይታ እጁን እንደያዘችው ተናገሩ። ከዚያም ማንን መጥራት እንደሚገባቸው፣ ሣጥኗን የት እንደሚያኖሯት፣ ከተማው ከበጀቱ አንድ የጨረራ መለኪያ መግዛት ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ከኋላ አንዱ «አያ፣ ለደሴም ኒውክሌር መጣላት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ወደ ኮብልስቶኑ ጉዳይ አለፈ፤ እርሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ምን አሳቀን? ኒውክሌር ሲባል ኃያላን ከአውሮፕላን የሚጥሉት ቦምብ ብቻ መስሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ አደጋው የገባው በቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በር ነበር፤ ከተተወ የካንሰር ሕክምና ክሊኒክ የተወሰደው ሴሲየም 137 የተባለ አደገኛ ጨረራ የሚረጭ ንጥረ ነገር በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ ዘመድ ጎረቤት ተሻማው። ነገሩን ጠርጥራ በከረጢት ይዛ ለጤና ባለሥልጣናት ያስረከበችው የነጋዴው ሚስት ነበረች። እርሷንና አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ110,000 በላይ ሕዝብ ተመረመረ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2006 ከኒው ዮርክ የጀመሩትን፣ ለከተማ ፖሊሶች የጨረራ መለኪያና ሥልጠና የሚሰጠውን መርሐ ግብር በ2018 በሕግ አጸኑት። እኛም አዋጅ ቁጥር 1025 የሚባል የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ ሕግ አለን፤ ነገር ግን አዋጅ ያለ ገንዘብና ያለ መለኪያ በእኚያ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሣጥኗ ባለሙያ መጥቶ እስኪለካት ድረስ ዘጠኝ ቀን በድንጋይ ተከልላ ቆየች፤ ባዶ ሆና ተገኘች። የልጁን እጅ ያተረፈው ዕድል እንጂ የእኛ ጥበቃ አልነበረም።

ከሁላችሁም ይልቅ በደለኛው እኔ ነኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የሴሲየም 137 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 30 ዓመት ገደማ እንደሆነ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌው የተናገሩትን አጣርቼ የማውቀው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ ከሳቂዎቹ ጋር ጥርሴን አሳየሁ።

ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቡና አስፈሉልኝ እንጂ ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አላነሡም። በበራቸው ላይ የልጅ ልጃቸው ያን ምልክት በቆርቆሮ ላይ ሥሎ ሰቅሎታል፤ አንዱ ክንፍ ጠሟል፤ ብረት ይዞ የሚመጣ ሁሉ ግን ያየዋል። ወገኖቼ፣ የመለኪያውን ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ ፊርማችሁን እንፈልጋለን። እርሳቸው ወረቀቱን በጣታቸው እየዳሰሱ «ያነቡት ይሆን?» አሉኝ፤ እኔም ባያነቡት በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ አነብላቸዋለሁ አልኋቸው።