የሚያዘገየው ማነው? ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሬት ውልደትና እድገት የተደረገ የጽሑፍ ክርክር

ተከራካሪዎቹ ኮምቦልቻ የሚሠሩ የኬሚካል መሐንዲስና ደሴ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሬት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ሥራውን የሚያጓትትበት የጋዙና የሙቀቱ ዝውውር ነው ወይስ የክሪስታሉ ውልደት?

ኮምቦልቻ፦ ሃይድሬት በረዶ ይመስላል እንጂ በረዶ አይደለም። የውሃ ሞለኪውሎች ተያይዘው ጎጆ ይሠራሉ፣ ጋዙም በየጎጆው ይታሰራል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሬት 46 የውሃ ሞለኪውሎች 2 ትናንሽና 6 ትላልቅ ጎጆዎች ያበጃሉ። ይህ እንዲሆን በ0 ዲግሪ 12 ባር ገደማ፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ 45 ባር የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል። እኔ የምለው፣ ክሪስታሉ አንዴ ከተወለደ በኋላ የሚዘገየው ጋዙ ስለማይደርሰውና ሙቀቱ ስለማይወጣለት ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲታሰር 4 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ይለቀቃል፤ ይህን ሙቀት የሚወስድለት ካላገኘ የክሪስታሉ ገጽ ራሱን እያሞቀ እድገቱን ያቆማል። ሌላው እንቅፋት ቆዳው ነው። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ስልባቦት እንደሚለብስ ሁሉ፣ ጋዝና ውሃ በሚገናኙበት ገጽም ውፍረቱ በማይክሮሜትር የሚለካ የሃይድሬት ሽፋን በፍጥነት ይዘረጋና ሁለቱን ይለያቸዋል። ከዚያ ወዲያ ጋዙ በጠጣር ውስጥ መሹለክ አለበት፤ ይህም በውሃ ውስጥ ከመሰራጨት እጅግ ይዘገያል። ተመራማሪዎቹ እንግሌዞስና ቢሽኖይ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1987 በሚቴንና በኢቴን ላይ ባሳተሙት ሥራ የክሪስታሉን የራሱን የእድገት መለኪያ አስልተው ነበር፤ በ1994 ግን ስኮቭቦርግና ራስሙሰን ያንኑ ሙከራ መልሰው መርምረው፣ ጋዝ ወደ ውሃ የሚገባበትን ፍጥነት ብቻ በመውሰድ ውጤቱን ማስረዳት እንደሚቻል አሳዩ።

ደሴ፦ ኢንጂነር፣ «አንዴ ከተወለደ በኋላ» ብለው የክርክሩን ግማሽ በአንድ ሐረግ አለፉት። ግፊቱም ቅዝቃዜውም ተሟልቶ ውሃው ምንም ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲደገም አንዱ ሙከራ በደቂቃዎች ይጀምራል፣ ሌላው ሰዓታት ይወስዳል። ዝውውር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መበታተን ባልታየ ነበር። ምክንያቱ የመጀመሪያዋ ዘር በዕድል የምትወለድ መሆኗ ነው፦ ጥቂት ሞለኪውሎች ተሰብስበው ከአንድ ወሳኝ መጠን በታች ከሆኑ ይበተናሉ፣ ከዚያ ካለፉ ብቻ ያድጋሉ። ቤቴ ሁለት የማር ገንቦ አለ። አንዱ አሮጌ የረጋ ማር ግድግዳው ላይ ተጣብቆበት ስለነበር አዲሱ ማር ወዲያው ረጋ፤ ታጥቦ የተሞላው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ፈሳሽ ሆኖ ቆየ። ማሩ አንድ፣ ቅዝቃዜውም ያው የደሴ ብርድ ነው። የተለያዩት በዘር ነው።

ኮምቦልቻ፦ ምሳሌው ያምራል፤ ነገር ግን ማር ሲረጋ ጋዝ ከውጭ አይጠብቅም፣ የሚሠራበት ስኳር እዚያው ውስጡ አለ። የእኛ ውሃ ግን ጋዙን ከላይ ይቀበላል። ደግሞም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሪአክተር፣ ማለትም ሃይድሬቱ በሚመረትበት ዕቃ ውስጥ ዘር ሁልጊዜ ስላለ የጥበቃ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ የሚበላው መበጥበጫው፣ ማቀዝቀዣውና ሽፋኑን መስበሩ ነው። ለዚህም ነው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለው፣ ሻምፖ ውስጥም የሚገባው ነገር ጥቂት ሲጨመር ሚቴን ሳይበጠበጥ እንኳ በፍጥነት የሚታሰረው፦ ሽፋኑ ድፍን መሆኑ ቀርቶ ቀዳዳማ ይሆናል፣ ውሃውም በቀዳዳው እየተሳበ ወደ ጋዙ ይወጣል።

ደሴ፦ ያው ሳሙና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ግን ደከም ይላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ከሚቴን በብዙ እጥፍ ይሟሟልና ዝውውሩ የተሻለ መሆን ነበረበት፤ ሳሙናው የደከመው ታዲያ በምን ምክንያት ነው? የጋዙ ማንነትና የክሪስታሉ ገጽ ጣልቃ ይገባሉ ማለት ነው። ያለማቋረጥ ስለሚሠራው ሪአክተርም ልመለስ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሃይድሬቱ ይቀልጣል። ከቀለጠ በኋላ ብዙ ያልሞቀ ውሃ የቀድሞውን ሁኔታ እንዳስታወሰ ሁሉ ቶሎ መልሶ ይረጋል፤ በደንብ ከሞቀ ግን ያ ትዝታ ይጠፋና ጥበቃው እንደ አዲስ ይጀመራል። በእኛ ብርድ የቆመ ዕቃና በእናንተ የቀትር ሙቀት የቆመ ዕቃ እኩል አይነሡም።

ኮምቦልቻ፦ መብራቱን አልክድም፤ ባለፈው ሳምንት ራሴ ጨለማ ውስጥ ቆሜ የግፊት መለኪያውን በእጅ ባትሪ አንብቤያለሁ። ስለ ማስነሻው መምህርት ትክክል ነዎት፣ ስለ ፍጥነቱ ግን አቋሜን አልለወጥኩም። ለማስነሻውም መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሊጡ ጥቂት እርሾ እንደሚተርፍ፣ ከሃይድሬቱ ጭቃ ጥቂቱን ሙቀት በማያስገባ ጋን ማስቀመጥ ነው።

ደሴ፦ እርሾውን እቀበላለሁ። ነገር ግን በ4 ዲግሪ የሚቀመጥ ከሆነ ጋኑ ወደ 20 ባር የሚጠጋ ግፊት ሳያፈስ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ከወረደ ጠዋት ሲከፍቱት የሚያገኙት ውሃና ጋዝ ነው።