ስርዝ ድልዝ የሌለው የእጅ ጽሑፍ

ወገን፣ ዛሬ ይቺን ሳልተነፍስ አላድርም።

ሥራዬ ዲዛይን ነው። ፖስተር በሉት፣ የአልበም ሽፋን በሉት፣ የመጣልኝን እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ መጣና «በእጅ የተጻፈ ይምሰል፤ ያ የሞተው ሮከር እንደሚጽፈው ዓይነት» አለኝ። ሮከሩ ማን እንደሆነ ይቅር። በእጅ ጽሑፉ የተሠራ ፎንት (ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍበት የፊደል ቅርጽ) ግን ድሮ ዳውንሎድ አድርጌ ነበር። እሺ አልኩ።

አርእስቱን ጻፍኩ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል፤ ጥድፍድፍ ያለ፣ ስሜት ያለው ነገር ነው። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን አንዱ ቃል ውስጥ ሁለት «ኤል» (የእንግሊዝኛዋ l) ጎን ለጎን ቆመዋል። የሁለቱም አናት ላይ አንድ ዓይነት ጭረት። የሁለቱም እግር ሥር ቀለም የጠጣች አንዲት ነጥብ። ወደ ታች ወረድኩ። ሦስተኛው መስመር ላይም ያችው ነጥብ! ሰውየው አንድ ቀን እስክሪብቶው ቀለም ቢተፋበት፣ እኔ ያቺን ጥፋት አንድ ፖስተር ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ ደገምኩበት። ቆጥሬያለሁ።

የሰው እጅ አንድን ፊደል ሁለቴ እኩል አይጽፍም። ካላመናችሁኝ ስማችሁን ሦስት ጊዜ ጻፉና እዩት። ፎንት ግን ለአንድ ፊደል አንድ ቅርጽ ይይዛል፤ በቃ። ጎበዝ ፎንት ሠሪዎች ለአንዱ ፊደል ሦስት አራት ቅርጽ ይሰጡትና ተራ በተራ እንዲመጣ ያደርጋሉ። የእኔዋ ግን ከዚያ ወገን አይደለችም። (በአማርኛ ስጽፍማ ጭራሽ አታውቀኝም፤ ባዶ ሳጥን ትደረድርልኛለች። እሱን ሌላ ቀን።)

ስለዚህ ምን አደረግኩ? ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነጠልኩ አንዱን አጎበጥኩት፣ ሌላውን አሳጠርኩት። በእጅ የተጻፈ እንዲመስል የተሠራን ጽሑፍ፣ በእጅ እንዳልተጻፈ እንዳይነቃበት በእጄ ሳበላሽ አመሸሁ። የሠለጠነ ዘመን!

ይሄ ነገር ፋሽን የሆነው እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታዋቂ ሙዚቀኞችን፣ የከርት ኮባይንን፣ የጆን ሌኖንን፣ የዴቪድ ቦዊን፣ የሌናርድ ኮኸንን እና የሰርዥ ጌንስቡርን የእጅ ጽሑፍ ወደ ፎንት የቀየሩ ሰዎች በነፃ ለቀቁት። ዓለም ጉድ አለ። በኋላ በሕግ ምክንያት ማውረጃው ተዘጋ። ሕጉ ራሱ ግራ ያጋባል። አሜሪካ ውስጥ የፊደሉን ቅርጽ የቅጂ መብት አይጠብቀውም፤ የፎንቱ ፋይል ግን እንደ ሶፍትዌር ይጠበቃል። የታዋቂውን ሰው ስም ለንግድ መጠቀም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኔም የራሴን ፎንት ፈቃድ ያነበብኩት ፖስተሩን ልጨርስ ስል ነው። «ለግል አገልግሎት ብቻ» ይላል። ያ ሁሉ ምሽቴ ገደል ገባ።

ደግሞ የማን እጅ ነው የምንለው? ሙዚቀኛው በጻፈው ወረቀት ላይ ያልተገኘ ፊደል ሲኖር ሠሪው ከሌላው ቀጣጥሎ ይፈጥረዋል። ሌኖን የሞተው በ1980 ነው፤ ጌንስቡር በ1991፣ ኮባይን በ1994። የዩሮ ምልክት ይፋ የሆነው በ1996 መጨረሻ ነው። እንግዲህ በነዚህ ሰዎች እጅ ተሠራ በተባለ ፎንት ውስጥ የዩሮ ምልክት ካያችሁ፣ ከመቃብር ወጥተው አልጻፉትም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ስርዝ ድልዙ መጥፋቱ ነው። የኮባይን የማስታወሻ ደብተሮች በ2002 ሲታተሙ ገጾቹ እንዳሉ ነው የወጡት፤ የተሰረዘው እንደተሰረዘ፣ ሥዕሉም ዳር ላይ። የሌኖን አንድ የግጥም ወረቀት በ2010 በጨረታ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶለታል፤ እርማቱና ስርዙ ሳይነካ። ሰው ያን የሚያየው ግጥሙ እንዴት እንዳስቸገረው ለማየት ነው። ቃል ይጽፋል፣ ይጠላዋል፣ ይሰርዘዋል፣ ከላይ ሌላ ይጨምራል። ፎንት ይሄን ከየት ያመጣል? ዲሊት ስትጫን እንደሆነ ምልክት አይቀርም።

ለማንኛውም፣ ፈቃዱን ካነበብኩ በኋላ ፎንቱን ተውኩት። ወፍራም እስክሪብቶ ፈልጌ አርእስቱን ወረቀት ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ። አንድ አሥር ወረቀት ፈጀሁ። ደህናውን ስካን አድርጌ አስገባሁና ላክሁ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሥራ ነበር፤ ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ።

ደንበኛዬ ጠዋት መልስ ጻፈ። «በጣም አሪፍ ነው። ግን ሁለቱ ኤሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አስተካክላቸው።»