የቨርጂኒያ 94ኛ ወረዳ እንዲህ አይታለፍም
በጥቂት ድምፅ ስለተለዩ ምርጫዎች የወጣው ጽሑፍ በቨርጂኒያ ስቴት ያለችውን የኒውፖርት ኒውስ ከተማን 94ኛ የምርጫ ወረዳ በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለስቴቱ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ድጋሚ ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ በ1 ድምፅ በለጠችው። በማግስቱ ዳኞች አንዲት አከራካሪ የድምፅ መስጫ ወረቀት መረመሩ። መራጩ ከሁለቱም ስም ጎን ያለውን ክብ አጥቁሮ በሳይመንድስ ላይ ሰረዝ አድርጓል። ድምፁ ለያንሲ ተቆጠረና 11,608 ለ11,608 እኩል ወጡ!

ከዚያ በኋላ ነገሩ የለየው በዕጣ ነው። ስማቸው በትንንሽ የካሜራ ፊልም ማስቀመጫ ዕቃ ተከትቶ ሸክላ ሳህን ውስጥ ገባ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የያንሲ ስም ወጣ። ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። የእሷ ቢወጣ ኖሮ 50 ለ50 ይሆን ነበር። በ2019 የወረዳው ወሰን በፍርድ ቤት ተቀይሮ ሳይመንድስ አሸነፈች።

እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ «የእኔ ድምፅ ምን ሊፈይድ» አትበሉ። ይህ ምክር ቤት የእናንተም ነው። ምርጫው ፕሬዝዳንት በማይመረጥበት ዓመት ስለሚውል ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዜግነት ያላችሁ እባካችሁ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።