የአጤ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር

ቅዳሜ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ወዳጃችን ያችን የታወቀች ታሪክ አመጣ። «አጤ ምኒልክ ከአሜሪካ ሦስት የሞት ቅጣት መፈጸሚያ የኤሌክትሪክ ወንበሮች አስመጡ። አገሩ ላይ ግን መብራት የለም። በኋላ አንዱን ዙፋን አደረጉት!»

ሁላችንም ሳቅን። ታሪክ የምታስተምረው ጓደኛችን ግን አልሳቀችም። «ማን ነው የጻፈው?»

«መጽሐፍ ላይ ነዋ! ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያነበብኩት።»

«እነሱስ ከየት አመጡት?»

ዝም አለ። እሷ ቀጠለች። በኤሌክትሪክ ወንበር መጀመሪያ ሰው የተገደለው ኒው ዮርክ ውስጥ በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ደግሞ ወዲያው አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ያኔ ባቡር የለም። ከባሕር ጠረፍ እስከ መሐል አገር ዕቃ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነው። «እንዲህ ያለ ጭነት የትእዛዝ ደብዳቤ ይኖረዋል፣ የሒሳብ ወረቀት ይኖረዋል፣ ያየው መንገደኛ ይኖራል። እስቲ አንዱን አሳየኝ።»

ተናደደ። «እናንተ ዶክተር ካልጻፈው አታምኑም! ጳውሎስ ኞኞ ዶክተር ነበር እንዴ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷም አላጣጣለችውም። ጳውሎስ ጋዜጠኛ ነበር፣ የጻፈውም ለሁሉም አንባቢ ነው። ግን የምኒልክን ደብዳቤዎች ፈልጎ አስነብቦናል። ደብዳቤውን ራስህ አንብበህ ከጳውሎስ ጋር ላትስማማ ትችላለህ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ደግሞ የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን አነሱ። «እሳቸው በዓይናቸው ያዩ ናቸው፣ ልጄ።»

«ልክ ነው ጋሼ፣ ለዘመኑ ቅርብ ናቸው። ግን የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው። ጌታቸውን የሚያሳማ ነገር ይጽፋሉ ወይ ብዬም እጠይቃለሁ።»

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የዶክተር መጽሐፍም ቢሆን «እንደሚባለው» እያለ የሚሄድ ከሆነ ያው ወሬ ነው። የግርጌ ማስታወሻው የት እንደሚያደርስ ተከትዬ ማየት እፈልጋለሁ። ይቺ ታሪክ የተወደደችው ለእውነት ስለምትቀርብ ይመስለኛል። ምኒልክ በእርግጥም አዲስ ነገር ይወዱ ነበር። ግን ለባቡሩ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ በጽሑፍ አለ። ለወንበሩ እንዲህ ያለ ወረቀት ያሳየኝ የለም። ንጉሡን ሞኝ የምታደርግ ወሬ እኛው ራሳችን እየሳቅን ስናዛምታት ያመኛል።

ወዳጃችን መጽሐፉን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻ ገጾቹን ነው።