ምስጋናው ይቅርና መዝገቡን ተቀበሏቸው

«መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱን አቅልጦ ለሌላው ያበራል።» ይህን አባባል ከመምህር አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሁሌም የሚለው ሌላ ሰው ነው። ወይ መስከረም 25 በዓለም የመምህራን ቀን ማይክ የያዘ፣ ወይ የጡረታ ሽኝት ላይ ጋቢ የሚያለብስ። ሰሞኑን ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት መምህርት ጡረታ ሲወጡም ሻማው መነሳቱ አልቀረም። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ኬክ ተቆረሰ። እሁድ ሲመጣ ግን ሴትዮዋ እንደ ወትሮው የዕድራችንን መዝገብ ታቅፈው ቁጭ ብለው መዋጮ ይቀበላሉ።

ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው፤ ያስተማሯቸው ልጆችም፣ የልጆቹ እናቶችም፣ ባለሱቁም። ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው በ1978 ዓ.ም. የተመደቡት ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ቀን ሕፃናት፣ ማታ አዋቂ። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያኔም ስላላበቃ በማሾ ብርሃን ገበሬ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። በፈቃድዎ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «የምን ፈቃድ ልጄ፣ ዘመቻ ነው እንጂ! ግን ሁላችንም ነበርን። እኔን ሲያመኝ ሌላው ይገባልኝ ነበር።»

ለዚያ ዘመን ናፍቆት የለኝም፣ እንዳትሳሳቱ። በግድ የሚደረግ በጎ ሥራ አልወድም። ግን ሥራው የብዙ ሰው ነበር። አሁን የምናደርገው ሌላ ነው። እምቢ ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው እንፈልግና ያለውን ሁሉ እሱ ላይ ከምረን «እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት» እያልን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን።

ቲቸር ላይ ያልተከመረ የለም። ከተማው በትምህርት ቤት ምገባ ከመጀመሩ በፊት ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ክፍል ውስጥ የሚያዞረውን ልጅ ለይተው በጎን ዳቦና ሻይ የሚያስገዙት እሳቸው ነበሩ። ለወረዳ ማመልከቻ የሚጻፈው በእሳቸው እጅ ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ደግሞ ወላጅ ሁሉ ደነገጠና ልጁን እየጎተተ የእሳቸውን በር አንኳኳ። ቅዳሜያቸው በዚያው አለቀ። ቲቸር የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

መዝገቡን ብታዩት ደስ ይለኛል። ሰፊ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል የተጠቀለለ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሳ አብዛኛው አባል አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ሄደ። ሌላውም በየፊናው ተበተነ። ቲቸር በየስሙ አጠገብ አዲሱን ሰፈርና ስልክ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈዋል። ስልኩ የማይሠራው ሰው ጎን የልጁ ስልክ አለ፣ ልጅ የሌለው ጎን የጎረቤቱ። ብዙ ዕድሮች በፈረሱበት ከተማ ይሄኛው እስካሁን ያልፈረሰው በዚያ ቀይ እስክሪብቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ገላን ጉራ ሰው ሲሞት ድንኳኑና አግዳሚው በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤ ሹፌሩን ደውለው የሚለምኑት፣ ዋጋ የሚከራከሩት፣ ለቀስተኛው ስንት ሰዓት የት እንደሚሰባሰብ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት አሁንም እሳቸው። ሊቀመንበር አለን፣ ገንዘብ ያዥም አለን። ስብሰባ ላይ ይመጣሉ።

ወደ ጡረታው ልመለስ። የመንግሥት ሠራተኛ ለ10 ዓመት አገልግሎት ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። 40 ዓመት ላገለገለ ሰው 67.5 በመቶ ይመጣል ማለት ነው። እሱም ከመምህር ደመወዝ ላይ። የቅዳሜው ማጠናከሪያ፣ የእሁዱ መዝገብ፣ የሌሊቱ ስልክ እዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። መግባት ነበረባቸው አልልም፤ በጎ ሥራ ከተከፈለበት ስሙ ሌላ ነው። ግን ቢያንስ ከኪሳቸው አይውጣ። የስልክ ካርዱን የሚሞሉት በራሳቸው ገንዘብ መሆኑን የነገረን ባለሱቁ ነው፣ እሳቸውማ መች ይናገራሉ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ዕድሩ መዝገቡን ለሚይዘው ሰው የስልክና የትራንስፖርት ወጪ ይመድብ፤ ለድንኳን መቀየሪያ ገንዘብ ያለው ዕድር ለዚህ አያጣም። የ12ኛ ክፍል ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ተዋጡና በየትምህርቱ አስተማሪ ቅጠሩ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገቡት የሰፈራችን ልጆች ክረምት ሲመጡ ተራ ይግቡ። እነሱን ማን አስተማራቸውና! ማመልከቻ መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ በዚህ ሁሉ ባለዲግሪ መሃል መጥፋቱ ለወሬም አይመች።

ዋናው ግን መዝገቡ ነው። ባለፈው ጉባኤ ለሁለት ይከፈል፣ የገላን ጉራውን እዚያው ያለ አባል ይያዝ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «ቲቸር እያሉማ ማን ደፍሮ!» አሉ አንድ አባት፣ ሰውም ሳቀ፣ አጀንዳው ታለፈ። አክብሮት መሆኑ ነው እኮ። ቲቸር እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ እርስዎስ ምን ይላሉ አላላቸውም። ሲያልቅ እኔ ጠየቅኋቸው። «ዛሬ የሚቀበለኝ ቢገኝ ዛሬ እሰጣለሁ» አሉኝ።

ገላን ጉራ ያላችሁ የዕድራችን አባላት፣ ይህን ካነበባችሁ ለሚቀጥለው ጉባኤ አንድ ሰው መርጣችሁ ኑ። እስክሪብቶው ከእኔ።