ሐረጎ ላይ የጨሰው ፍሬን

የምኖረው ሆላንድ ነው። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብስክሌቱ ደግሞ 23 ሚሊዮን ገደማ። በአምስተርዳም የብረት ጥፍር ያለው ክሬን ጀልባ ላይ ቆሞ ከከተማዋ ቦዮች ብስክሌት ይለቅማል። በዓመት ከ12,000 በላይ ይወጣል። አብዛኛው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ውሃው ዳር ቆሜ ይህን ሳይ ሁሌም ኮምቦልቻ ትዝ ትለኛለች።

ከሥራ ስወጣ አሮጌ ብስክሌት እየገዛሁ፣ እያደስኩ እሸጣለሁ። የምወደው የብረቱን ነው። የብረት ፍሬም ቢጣመም ይቃናል፣ ቢሰነጠቅ ይበየዳል። አሉሚኒየም ግን ከተበየደ በኋላ ጥንካሬውን ለመመለስ ብዙውን ጊዜ በልዩ ምድጃ መታከም አለበት። ያንን ምድጃ መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው ከየት ያመጣዋል? ሃምሳ ዓመት ያለፈው የብረት ብስክሌት ዛሬም መንገድ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ጋዜል የሚባል የሆላንድ ሥሪት አሮጌ ብስክሌት በ20 ዩሮ ገዛሁ። የመቀመጫው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ሲሆን እርጥበት አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ዘይት እያንጠባጠብኩ ሁለት ቀን ጠበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ሲጥጥ ብሎ ዞረ። ያቺን ድምፅ እስካሁን አልረሳትም። ፍሬሙ ላይ «ሬይኖልድስ 531» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ቀላልና ጠንካራ የእንግሊዝ ቧንቧ ነው። ገዢው ጭረቱን ሁሉ ነግሬው፣ ቅር ሳይለው 280 ዩሮ ከፈለኝ። የከፈለው ለብረቱ ብቻ አይደለም። ለእጄም ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ደሴ ላለው የእህቴ ልጅ አንድ ያደስኩትን በካርቶን አሽጌ ወሰድኩለት። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ማርሽ የለውም። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት የሚይዘው ዓይነት ነው። ሆላንድ ሜዳ ስለሆነ ያ ፍሬን እዚያ ይበቃል።

ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎ ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ልጁ በሁለተኛው ቀን ወረደበት። ፍሬኑ ያለበት የኋላው ጎማ እምብርት ጋለ፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ቀልጦ ጨሰ፣ ፍሬኑ መያዝ አቆመ። በእግሩ እየጎተተ፣ ከተራራው በኩል ያለውን አፈር ተደግፎ ቆመ። ጫማው ተቀደደ እንጂ እሱ ተረፈ። እኔ ያደግኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። እንዴት አላሰብኩትም? ዛሬም ይቆጨኛል።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ አባት ጋ ወሰድነው። ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩና ጆሯቸውን ሰጡት።

«ልጄ፣ ይሄ የሜዳ ብስክሌት ነው» አሉኝ።

«ምን ይሻለዋል አባባ?»

«አብሽር። ቁልቁለት እናስተምረዋለን።»

እምብርቱን ፈትተው ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጠቡ። ትናንሾቹን የብረት ኳሶች ኮፍያቸው ውስጥ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ሙቀት የሚችል የመኪና ጎማ ግሪስ ሞሉት። ከዚያ የፊቱ ሹካ አናት ላይ ያለችውን ቀዳዳ አዩ። ከአሮጌ ብስክሌት የነቀሉትን ባለ ሽቦ ፍሬን እዚያ ሊያስሩት አመጡ። ዝገቱን በሎሚና በአመድ ፈትገው አስለቀቁት። ሎሚው ዝገቱን ይበላል፣ አመዱ ይፈትገዋል። እኔ ለዚሁ ሥራ በቆርቆሮ የታሸገ ኬሚካል እገዛለሁ።

ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። 300 ብር ጠየቁኝ። «የበሽታውን መንስኤ ላገኙበትስ?» ብላቸው «ለማየትማ ምን ይከፈላል!» አሉኝ። ስንጨርስ አንድ ጎረምሳ መጥቶ በ50 ብር ሲከራከራቸው ቆመን ሰማን። እሱም የሚከራከረው በጎማ ጥገና ሒሳብ ነው። እኚህ ሰው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው የሚሠሩት። ፍሬን ማለት ሐረጎ ላይ ሕይወት ነው።

እኔ የምኖርበት አገር ለእጅ ይከፍላል፣ ብረቱን ግን ቦይ ውስጥ ይጥላል። የእኛ ሰው ብረቱን አይጥልም፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይጠቀምበታል፤ የሠሪውን እጅ ግን በነፃ ይወስዳል። ብረቱም ቢሆን መለዋወጫ ሲጠፋ በኪሎ ለውራጅ ይሸጣል። የፔዳሉን ክንድ ለምታስር፣ ጣት ለማታክል አንዲት ሽብልቅ ሲባል ሙሉ ብስክሌት እንዲህ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ ወደ ወሎ የምትገቡ ወገኖቼ፣ ሙሉ ብስክሌት አትሸከሙ። መሸከማችሁ ካልቀረ ሁለት የእጅ ፍሬን ያለውን ምረጡ። ከሁሉ የሚሻለው መለዋወጫ ነው፤ ቦታ አይፈጅም። ሠሪውንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።

አባባ ከካርቶን ላይ ቀድደው የሚያስፈልጋቸውን ጽፈውልኛል። የፔዳሉን ክንድ የሚያስረው ሽብልቅ፣ ባለ 9.5 ሚሊሜትሩ፣ 40 ፍሬ። የፍሬን ጎማ፣ የቻልከውን ያህል። የፍሬን ሽቦ፣ 30። ለኋላ እምብርት በየጎኑ 9 ኳስ ስለሚገባ፣ ባለ ሩብ ኢንቹ፣ አንድ ሺህ። ከታች ደግሞ በእርሳስ «ሽብልቁ ይቅደም» የሚል ተጨምሮበታል። ካርቶኗ ሻንጣዬ ክዳን ውስጥ ተሰክታለች። ሽብልቁን ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ ኳሱ 600 ደርሷል።